የማለዳው የመጀመሪያ ጠያቂ

በግንቦት ወር አንድ ማለዳ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ፣ የጥብቅና ፈቃዷን ካወጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት ጠበቃ ስልኳን አውጥታ አንድ ጥያቄ ጻፈች። የያዘችው ጉዳይ የቤት ሽያጭ ውል ክርክር ነበር። ማወቅ የፈለገችውም በእንዲህ ያለው ውል ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም መኖር አለመኖሩን ነው። የፍለጋው ገጽ ለጥቂት ሰከንዶች ካመነታ በኋላ «ምንም ውጤት አልተገኘም» የሚል መልስ ሰጣት። ይህንኑ ለደንበኛዋ ነግራ ወደ ችሎት ገባች። ተከራካሪው ወገን ግን ውሳኔውን በመዝገብ ቁጥሩ ጠቅሶ አቀረበ። ችሎቱ መልስ አዘጋጅታ እንድትቀርብ ሌላ ቀጠሮ ሰጣት፤ ከገጠር ሌሊቱን ተጉዘው የመጡት አዛውንት ደንበኛዋም ለሌላ ጉዞ ገንዘብ ሊፈልጉ ወደ መጡበት ተመለሱ። እኩለ ቀን ላይ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ስልክ፣ በእነዚያው ቃላት ደግማ ስትጽፈው ውሳኔው ከዝርዝሩ አናት ላይ ወዲያውኑ ታየ።

የፍለጋ አገልግሎቱን ያቋቋሙት በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን የሕግና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ናቸው። ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ከጀመረበት ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ከወጡት አዋጆችና ደንቦች፣ እንዲሁም ከሰበር ውሳኔዎች ያገኟቸውን በስካነር አንሥተው፣ ምስሉን ወደ ጽሑፍ ቀይረው፣ ማንም ሰው በነጻ እንዲፈልግባቸው አድርገዋል። ሥራው የሚካሄደው በትርፍ ጊዜና በመዋጮ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ሰበር ሰሚ ችሎቱ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ባሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ እንዲሆን ደነገገ፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ ሥርዓት አስቀጥሏል። በዚህ ሕግ ለሚከራከር ሰው «የሰበር ውሳኔ የለም» የሚለው መልስ ክርክሩን ሊያቆመውም ሊንደውም ይችላል።

ጠበቃዋ ከዚያ ቀን አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ቅሬታ ልካ ነበር። የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጠዋት የመጀመሪያው ፍለጋ ባዶ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይሠራል። ቅሬታው የሚደርሰው ሜሪላንድ ውስጥ ለሚኖር፣ የፍለጋ ሥራውን በጋራ የሚያከናውኑትን ሦስት ሰርቨሮች ለሚጠብቅ መሐንዲስ ነው። በሙያው ከሃያ ዓመት በላይ የቆየና ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው። በምሳ ሰዓቱ ያንኑ ፍለጋ ሞከረ፤ መልሱ በ50 ሚሊሰከንድ መጣ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ሆነ። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። «በእኛ በኩል ችግር አላገኘንም፤ ምናልባት የአካባቢዎ የኢንተርኔት ግንኙነት ሊሆን ስለሚችል እባክዎ ያረጋግጡ» ሲል በትሕትና ጻፈላት።

መልሱ ለእርሱም ለባልደረቦቹም ምክንያታዊ ነበር። አገር ቤት ደውሎ መስመር ያልተቋረጠበት፣ ከእናቱ ጋር የጀመረውን ጨዋታ «ይሰማል? ይሰማል?» በሚል ጥያቄ ያልፈጸመ የውጭ ነዋሪ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ልምድ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ቅሬታ ሁሉ አስቀድሞ የተዘጋጀ ማብራሪያ ሆኖ አገለገለ። ማብራሪያው ዝግጁ ስለነበር ቅሬታው ራሱ ሳይመረመር ቀረ።

የሰዓቱ ነገር

መሐንዲሱ ጨርሶ አልመረመረም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። አንድ ጊዜ ሞክሯል። የቅሬታ መቀበያው ቅጽ ችግሩ የደረሰበትን ሰዓት ይጠይቃል፤ ከሰዓቱ ጎን ደግሞ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር «ኤኤም» ወይም «ፒኤም» የሚል ምርጫ አለ። ጠበቃዋ 2:40 ብላ ጻፈች፤ ጠዋት ነውና «ኤኤም» የሚለውን መረጠች። ቅጹም በአዲስ አበባ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት ከአርባ እንደሆነ አድርጎ መዘገበው። በግንቦት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ መሐንዲሱ በዋዜማው ምሽት አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ያለውን ሎግ ከፈተ። በዚያ ሰዓት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድም ጥያቄ አልነበረም። እንግዲህ ጥርጣሬው በማስረጃ የተደገፈ መሰለው፤ «ጥያቄዎ ሰርቨራችን ዘንድ አልደረሰም» ብሎ መለሰላት።

ከችሎቱ በኋላ የጻፈችው አራተኛው መልእክት አጭር ነበር። «ውጤት አልተገኘም የሚለው፣ የለም ማለቱ ነው ወይስ አላየሁም ማለቱ?» ስትል ጠየቀች። የደረሰባትንም በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዳች። መሐንዲሱ ይህን በጽሑፍ መመለስ ከብዶት ስልክ ደወለላት። ሰዓቱን ሲጠይቃት «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው፤ ችሎት ከመግባቴ በፊት» አለችው። በቅጹ ላይ ቁጥር ብቻ ሆኖ ያለፈው ነገር በድምፅ ሲሰማው ልጅ ሆኖ ያደገበት ሰዓት ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ ከአንድ የሚጀምረው። የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ በሰርቨሮቹ አቆጣጠር በዋሽንግተን ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት ከአርባ ነው። ስልኩን ሳይዘጋ የዚያን ሰዓት ሎግ ከፈተ። ጥያቄዎቿ በየሥራ ቀኑ ተሰልፈው አገኛቸው። አንዱም መንገድ ላይ አልቀረም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጥያቄሽ ሁሉ ደርሶናል። መልስ ያልሰጠነው እኛ ነን» አላት።

በሌሊት የተደረገ ምርመራ

ከዚህ በኋላ ሥራው ጊዜው የት እንደሚጠፋ መለየት ነበር። ለረጅም ጊዜ ሳይጠየቅ የቆየ ሰርቨር የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲያዘገይ ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ናቸው፤ ምልክታቸውም እርስ በርሱ ይመሳሰላል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ግንኙነቱ ነው። ገጹን በሚያሳየው ሰርቨርና በፍለጋ ሰርቨሮቹ መካከል ያለ ፋየርዎል ለብዙ ጊዜ ድምፅ ያልተሰማበትን ግንኙነት ለሁለቱም ወገን ሳያሳውቅ ሊረሳው ይችላል። ላኪው መስመሩ ያለ መስሎት ጥያቄውን ይልካል፤ ጥያቄውም የትም አይደርስም። ሊኑክስ ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት መኖሩን ለመፈተሽ፣ ፕሮግራሙ ጠይቆት እንኳ፣ ካልተቀየረ በቀር የሚጠብቀው 7200 ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ነው። መሐንዲሱ ጥያቄው የተላከበትንና የፍለጋ ሰርቨሩ የተቀበለበትን ጊዜ አስተያየ፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ናቸው። ግንኙነቱ ነጻ ወጣ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የጃቫ ባሕርይ ነው። የሚጠቀሙበት ኢላስቲክሰርች የሚሠራው በጃቫ ነው፤ የጃቫ ፕሮግራም ደግሞ ተነሥቶ ጥቂት እስኪሠራና በተደጋጋሚ የሚጠራው ክፍሉ ወደ ማሽኑ ቋንቋ እስኪለወጥ ድረስ ይንቀራፈፋል። ይሁን እንጂ ሰርቨሮቹ ከተነሡ ሳምንታት አልፈዋል። ሦስተኛው፣ ሥራ የፈታን ፕሮግራም ሜሞሪ ሊኑክስ ወደ ዲስክ የሚያወርድበት አሠራር ነው። ይህን ግን ገና ሲጀምሩ ሜሞሪውን በመቆለፍ ከልክለውታል። ሁለቱም ነጻ ወጡ።

ኢላስቲክሰርች የዘገዩ ፍለጋዎችን ለይቶ የሚመዘግብበት ሎግ አለው፤ ነገር ግን «ከዚህ በላይ የቆየውን መዝግብ» የሚል ወሰን እስኪሰጠው ድረስ ዝም ይላል። በእነዚህ ሰርቨሮች ላይ ወሰን የሰጠው ሰው አልነበረም። መሐንዲሱ ወሰኑን አስቀመጠና ሌሊቱን ሳይተኛ ቆየ። አንድ ጊዜ እንኳ ሊሞክር አልደፈረም፤ የሚለካው ነገር በመለካቱ ይለወጣልና። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰርቨሩን ያነቃዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ሁሉ የነቃ ሰርቨር ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የሚገኘው አንድ ልኬት ብቻ ነው። በምሳ ሰዓት ያደረገው ሙከራ ሁሉ ለምን ከንቱ እንደነበረም በዚህ ተረዳ፦ እርሱ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ሌሎች አስቀድመው የጠየቁትን ሰርቨር ነበር።

አንድ ሰዓት ከአርባ ሲሆን ጠየቀ። መልሱ ከዐሥራ አንድ ሰከንድ በኋላ መጣ። ወዲያው ሲደግመው ከ50 ሚሊሰከንድ አልበለጠም።

በቀጠሉት ሌሊቶች አንዱን ምክንያት ከሌላው እየለየ መረመረ። ያገኛቸው ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ከፋይሎቹ ንባብ ጋር የተያያዘ ነው። ሊኑክስ ሥራ ያልያዘውን ሜሞሪ በቅርቡ የተነበቡ ፋይሎችን ለማቆየት ይጠቀምበታል። ኢላስቲክሰርችም ሆነ የተመሠረተበት ሉሲን ፍጥነታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከዚህ ነው፤ ለፕሮግራሙ ለራሱ ከማሽኑ ሜሞሪ ከግማሽ በላይ እንዳይሰጥ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእነዚሁ ማሽኖች ላይ ግን የተቃኙ ገጾችን ምስል ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሥራ በየሌሊቱ ከዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይካሄዳል። ሰዓቱ የተመረጠው «ማንም በማይጠቀምበት ጊዜ» ተብሎ ነው። የዋሽንግተን እኩለ ሌሊት በአዲስ አበባ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መሆኑን ያነሣ አልነበረም። በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎች ሲነበቡ፣ ለሰዓታት ማንም ያልነካቸው የፍለጋው ማውጫ ገጾች ቦታቸውን ለምስሎቹ ይለቃሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጠያቂ ሁሉንም ከዲስክ እንደ አዲስ ያስነብባል። ከዐሥራ አንዱ ሰከንድ የሚበዛው የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ከአዳዲስ ሰነዶች ጋር የተያያዘ ነው። ኢላስቲክሰርች የጻፈውን ሰነድ ለፈላጊ የሚያሳየው ማውጫውን ካደሰ በኋላ ነው፤ ካልተቀየረ በቀር በየአንድ ሰከንዱ ያድሳል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሰባተኛ ዕትም ጀምሮ ግን የእድሳቱ ጊዜ በግልጽ ካልተወሰነለት፣ ለ30 ሰከንድ ፍለጋ ያልመጣበት የማውጫ ክፍል እንደ ሥራ ፈት ይቆጠርና እድሳቱ ይቆማል። ቀጣዩ ፈላጊ ሲመጣ እድሳቱ በእርሱ ጥያቄ ይጀመራል፤ እርሱም እስኪያልቅ ይጠብቃል። ቀን ላይ የሚታደሰው ጥቂት ስለሆነ ይህ አይታወቅም። ሌሊቱን የተጻፈው ሁሉ ግን ለማለዳው ሰው ተጠራቅሞ ይቆያል።

ሦስተኛው ከውጤቱ ጎን ከሚታየው ቁጥር የመነጨ ነው። ገጹ ውሳኔዎቹን በዓመትና በጉዳይ ዓይነት ቆጥሮ ያሳያል። ይህን ለማድረግ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል ቁጥር የሚሰጥ ሰንጠረዥ ያዘጋጃል፤ ማውጫው በተለወጠ ቁጥርም ሰንጠረዡ እንደገና ይሠራል። የሚሠራው ደግሞ የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ነው።

ሦስቱም ለየብቻቸው ሲታዩ አስተዋይ ውሳኔዎች ናቸው። ማንም የማይጠይቀውን ነገር በየሰከንዱ ማዘጋጀት ብክነት ነው፤ በተለይ ብዙ ሰነድ እየጻፈ ማንም ለማይፈልግበት ሥርዓት እድሳቱን ማቆም ትልቅ ቁጠባ ነው። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው «የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ይሠራል» የሚለው ሐሳብ ነው። ሦስት የተለያዩ ሰዎች፣ በሦስት የተለያዩ ጊዜያት፣ ወጪን ለነገ አሳደሩ። የሦስቱም ዕዳ አንድ ማለዳ፣ በአንድ ኮሪደር ላይ በቆመች አንዲት ጠያቂ እጅ ላይ ወደቀ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ከፍጥነት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ገጹን የሚያሳየው ፕሮግራም መልስ የሚጠብቀው ለአምስት ሰከንድ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ስሕተት እንዳይታይ ሲባል ባዶ ዝርዝር እንዲመልስ ተጽፏል፤ ባዶ ዝርዝር ሲመጣ ደግሞ ገጹ «ምንም ውጤት አልተገኘም» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ያሰበው የገጹን ውበት ነበር። አዛውንቱን በባዶ እጃቸው የመለሳቸው ይህ ነው። አሥራ አንድ ሰከንድ የጠበቀ ሰው ይሰለቻል እንጂ አይሳሳትም፤ «የለም» የተባለ ሰው ግን አምኖ ይሄዳል። ገጹ ተስፋ ቆርጦ ጠያቂዋን ካሰናበተ በኋላም እስከዚያ የተነበበው ከሜሞሪ አይወጣም፤ የተጀመረው እድሳትም አይመለስም። ከእርሷ በኋላ የመጡት ሁሉ በፍጥነት መልስ የሚያገኙት እርሷ ባስነቃችው ሰርቨር ነበር።

አማካይ የማያሳየው

እዚህ ላይ ለፖሊሲ ባለሙያ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ለምን ዝም አለ?

ስሌቱ ቀላል ነው። በቀን 1000 ፍለጋ ይደረጋል እንበል። ከእነዚህ 999ኙ በ50 ሚሊሰከንድ መልስ ቢያገኙና አንዱ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ቢወስድ፣ የቀኑ አማካይ 61 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በ50 እና በ61 መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን አይለየውም። ጠንቃቃ የሚባሉት ባለሙያዎች አማካይን ትተው «ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ጠያቂዎች በስንት ጊዜ ውስጥ መልስ አገኙ?» ብለው ይለካሉ። ይህም ቢሆን ከሺህ አንዱን አያየውም፤ እርሷ ከመቶኛውም ወዲያ ናት። ሰርቨሩን በየደቂቃው የሚፈትሸው ፕሮግራምም አልረዳም። የሚጠይቀው «በሕይወት አለህ?» ብሎ ነው፤ ፈልጎ አያውቅም። በሕይወት መኖርና ለሥራ ዝግጁ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጠያቂዋ ከሺህ አንዷ የሆነችው በሰርቨሩ ዓይን ሲታይ ነው። በእርሷ በኩል ሲታይ ግን ከአንድ አንድ ነው፤ በየማለዳው ለችሎት የምትፈልገው አንድ ውሳኔ ነው፤ በየማለዳውም ባዶ ይመለሳል። አማካዩ የተሠራው እርሷ ዋጋውን ከከፈለች በኋላ በመጡት ሰዎች ልክ ነው።

ሌላም ነገር ተገኘ። በጎ ፈቃደኞቹ ባዶ የተመለሱ ፍለጋዎችን በየወሩ ይዘረዝራሉ፤ ቀጥሎ የትኛው ሰነድ መቃኘት እንዳለበት የሚወስኑት በዚህ ዝርዝር ነው። የማለዳው ፍለጋዎች ሁሉ እዚያው ውስጥ ነበሩ፤ በእጃቸው ያለውን ውሳኔ «ይጎድለናል» ብለው መዝግበውታል። የተሳሳተው መልስ ጠያቂዋን ብቻ ሳይሆን መላሾቹንም አሳስቷቸዋል።

ማን ይክፈል?

መሐንዲሱ ግኝቱን ለባልደረቦቹ ሲያቀርብ ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩም ተገቢ ነበር። የመዋጮውን ሒሳብ የሚይዘው አባል ለጥቂት የማለዳ ፍለጋዎች ሲባል ሌሊቱን ሁሉ ሰርቨሮቹን ማሠራት ከቁጠባ አንጻር እንዴት እንደሚታይ ጠየቀ። ጥያቄው ቸል የሚባል አይደለም፤ የሰው መዋጮ ነውና።

ስለዚህ ማስተካከያዎቹ በዋጋቸው ቅደም ተከተል ተደረደሩ። ከሁሉ የረከሰው የገጹን ቃል ማረም ነበር። ፍለጋው ካልተጠናቀቀ ገጹ «ፍለጋው አልተጠናቀቀም፤ እባክዎ ደግመው ይሞክሩ» ብሎ በግልጽ ይናገራል፤ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ፍለጋው እስከ መጨረሻው ለሄደበት ጊዜ ብቻ ተጠበቀ። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ትልቁን ጉዳት የከለከለውም ይኸው ርካሹ ነው። ቀጥሎ የእድሳቱ ጊዜ በግልጽ ተወሰነ፤ በዚህም ማውጫው ሥራ ፈት ተብሎ መተኛቱ ቀረ። የቁጥሮቹ ሰንጠረዥም ከእድሳቱ ጋር አብሮ እንዲዘጋጅ ተደረገ። ቅደም ተከተሉ ግድ ነበር፤ እድሳቱ ራሱ ጠያቂን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ሰንጠረዡን ከእርሱ ጋር ማያያዝ ምንም ባልፈየደ።

ያከራከረው የምስሎቹ ሥራ ነው። ለብቻው ማሽን መከራየት በየወሩ የሚከፈል ወጪ ያመጣል። ሰዓቱን መለወጥ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። በሁለቱም አገር ማንም የማይነቃበት ሰዓት የለም። ሥራው በዋሽንግተን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢጀመር አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ይሆናል፤ ጠበቆቹ ተኝተዋል። በዚያ ሰዓት የሚዘገይባቸው አሜሪካ ያሉት ተጠቃሚዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል መዋጮውን የሚያዋጡትና በስብሰባው ላይ የተቀመጡት ይገኙበታል። አንዲት የሕግ መምህርት ከሰዓት በኋላ የምትሠራበት ጊዜ እንደሚነካባት ተናገረች። ጥቂት ቆይታ ግን «እኔ ብጠብቅ ቡናዬን እጠጣለሁ፤ እርሷ ብትጠብቅ ቀጠሮዋ ያልፋል» አለች። ውሳኔው በዚህ ተቋጨ።

በመጨረሻም በየማለዳው ከፍርድ ቤቶቹ የሥራ ሰዓት በፊት ሰርቨሮቹን የሚያነቃ አነስተኛ ፕሮግራም ተዘጋጀ። የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የፈጠራ አይደሉም፤ ባለፈው ወር ሰዎች በእውነት ከጠየቋቸው የተወሰዱ ናቸው። ይህም ሁሉን አያካትትም። ማውጫው በጠቅላላ ከሜሞሪው ይበልጣል፤ ብዙ ሰው የማይጠይቀውን ጉዳይ የሚጠይቅ ሰው አሁንም ከዲስክ እስኪነበብለት ሊጠብቅ ይችላል። ቢያንስ ግን «የለም» አይባልም።

ይህን ታሪክ ከሰርቨር ውጭ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእሳት አደጋ ሠራተኛ እሳት በሌለበት ሌሊት ደመወዙ አይቋረጥበትም፤ ዝግጁ ሆኖ መጠበቁ ራሱ ሥራው ስለሆነ። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚያቋቁሟቸው የእርዳታ ማኅበራትም ተመሳሳይ ጥያቄ አለባቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠሩ የቤት ሠራተኞች የተከፈተ የስልክ መስመር ሥራውን በዓመቱ ባስተናገደው የጥሪ ብዛት ይመዝናል። ዋነኛው ፈተናው ግን ለሳምንታት ዝም ካለ በኋላ በሌሊት የሚደወለው የመጀመሪያው ጥሪ ነው፤ ያቺ ደዋይ ሁለተኛ ዕድል ላይኖራት ይችላል። መስመሩን የሚያነሣው ሰው የተተመነው በየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነና ስልኩ ሳይነሣ ሲቀር ደዋይዋ ምን እንደምትሰማ መጠየቅ፣ ለዓመታዊው ሪፖርት ከሚዘጋጁት ቁጥሮች ብዙዎቹ የማይነግሩትን ይነግራል።

የፍለጋ አገልግሎቱ ሳምንታዊ ሪፖርት ዛሬ በአማካይ አይጀምርም። የመጀመሪያው መስመር በአዲስ አበባ በየዕለቱ የተደረገውን የመጀመሪያ ፍለጋ፣ የወሰደውን ጊዜና መልስ አግኝቶ እንደሆነ ያሳያል። የቅሬታው ቅጽም ተለውጧል፤ «ኤኤም» እና «ፒኤም» የሚሉት ወጥተው «በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚል ምርጫ ገብቷል።

አዛውንቱ በሰኔ ለቀጠሯቸው ተመልሰው መጡ። በዚያ ማለዳ ጠበቃዋ ከሁለት ሰዓት ከአርባ ጥቂት ቀደም ብላ ሌላ ጥያቄ ጻፈች፤ የቆየና ብዙ ሰው የማያነሣው ጉዳይ ነበር። ገጹ አመነታና «ፍለጋው አልተጠናቀቀም፤ እባክዎ ደግመው ይሞክሩ» አላት። ደግማ ሞከረች። የወጣላትን ውሳኔ አንብባ ቁጥሩን በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ደንበኛዋን አስከትላ ወደ ችሎት ገባች።